የዘጠኝ ክረምት እንጨት

ባሌ እንጨት ይፈልጣል።
ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ሲመሽ መጥረቢያውን ይስላል፣
በማግስቱም ይፈልጣል።
እኔን ደግሞ ራሴን ይፈልጠኛል።

ሂዩማ ደሴታችን ዝቅ ያለች ናት፣ ሜዳ፣
ከባሕር የሚደብቅ ጉብታ የላት፣ ጓዳ።
ጥቅምት ላይ ነበረ። ታቪ፣ የመጨረሻ ልጃችን፣
መረቡን ሊሰበስብ ወጣ በታንኳችን።
ታንኳይቱ ተመለሰች፣
ባዶዋን፣ እንደ ጠገበች ላም እየተወዛወዘች።
ሬሳ የለ፣ ሣጥን የለ፣ የሚቆፈር ጉድጓድ የለ፣
ሰው በምን አፉ ያልቅስ፣ “ይመጣል” እያለ?

ፓስተሩ መጡ። ኤንደል “እንጨት አለብኝ” አላቸው፣
እጃቸውን ሊጨብጡት ቢዘረጉ፣ ጉማጅ አስታቀፋቸው።
እውነት ነው፣ ብርዱ ይመጣል፣ ምድጃም ይራባል፣
ይህንን ማን ይክዳል?
የዓመቱን እንጨት በኅዳር ጨረሰ፣
የከርሞውን በታኅሣሥ፣ መዳፉ እየተላጠ፣ ጓንቱ እየበሰበሰ።
ከዚያ ሦስተኛ፣ አራተኛ፤ መቁጠር ተውኩኝ እኔ፣
ላልተወለደ ክረምት ማገዶ ምን ይባላል፣ ወገኔ?
ፖስተኛው ብስክሌቱን አቁሞ ገመተው፦ “ዘጠኝ ክረምት ያሻግራል።”
ኤንደል አልሣቀም። “ጥዱ ቶሎ ያልቃል።”

ግድግዳ ሥር ደረደረ፣ ልክ በልክ፣ ገጥ ለገጥ፣
አንዱ ጉማጅ ከሌላው እንዳይበልጥ።
ከበሩ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ደቡብ ዞረ፣
ከዚያም የኩሽናውን መስኮት፣ ባሕሩን የምናይበትን፣ ቀስ በቀስ ቀበረ።
መጀመሪያ ማዕበሉ ጠፋ፣ ቀጥሎ የአድማሱ መስመር፣
በመጨረሻ የቀረኝ አንድ ጣት የሚያህል ሰማይ ነበር።
እሱንም አንድ ማለዳ በጉማጅ ደፈነው።
ምን አልኩ? በቀትር ሻማ ለኮስኩ፤ ያልኩት ይኸው ነው።

እሱን ማማት ቀላል ነው። እኔስ?
ሹራብ እሠራለሁ፤ ቁጥሩ እንዳይፈርስ
ሰው ሲያናግረኝ ጣቴን አነሣለሁ፦ “ቆይ፣ ረድፉን ልጨርስ።”
ሠላሳ አራት ጥንድ ጓንት፣ ለቤተ ክርስቲያን ባዛር ብዬ፣
ሁሉም አንድ ልክ ናቸው። አላየሁም? ወይስ አይቼ ችዬ?
ሰፊ መዳፍ፣ ረዥም አውራ ጣት።
የባዛሩ ዕለት ሴቶቹ ዳሰሷቸው፤ የገዛ የለም፤
ሁሉም ያውቁታል፣ የማን እንደሆነ ያ ጣት።

ማታ ስለ እንጨት እናወራለን፣
ስለ ክር ዋጋ፣ ስለ መጥረቢያው እጀታ እናወራለን።
ድንገት ዝም ካልን አንዳችን እንነሣለን፣
ያልቆሸሸ ሰሃን እናጥባለን።

የካቲት ላይ ነፋሱ የመብራቱን ምሰሶ ገነደሰ፣
ከዳር እስከ ዳር መንደሩ ጨለማ ለበሰ።
በሦስተኛው ቀን ማይሬ መጣች፣ ሕፃን በጀርባዋ፣
የበረዶ መንሸራተቻ እየጎተተች፣ ኀፍረት ከፊቷ ቀድሞ ከጋቢዋ።
“እንጨት አበድሩን” አለች። ኤንደል መጥረቢያውን አስቀመጠ፤
“ውሰጂ” ሲል ድምፁ እንደ እርጥብ እንጨት ጢሶ ተቆረጠ።
ሌሎቹም ተከተሉ። ከየት ይጀምሩ?
ከሚቀርበው፣ ከመስኮቱ ሥር ይጭኑ ጀመሩ።

እኔ ረድፍ እቆጥር ነበር፣ ክሩ በእጄ፤
ቀን ገባ ሳይፈቀድለት፣ ተቀመጠ ከደጄ።
ቀና ብል ባሕር፣ በረዶ የለበሰ፣ ጸጥ ያለ፣
ምንም እንዳላደረገ፣ እዚያው አለ።
ቁጥሩ ጠፋኝ።

ከመስተዋቱ ማዶ ኤንደል ጉማጅ ታቅፎ ቆሟል፣
ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ እኔን ያየኛል።
ከዚያ ዞረ።
በካልሲ ሮጬ ወጣሁ። ስሙን የጠራው እሱ ነበረ፣
አራት ወር ከጥርሳችን ኋላ የከረመውን ስም፣
ጮክ ብሎ አይደለም፤
እራት ቀርቧል እንደሚል፣ ቀስ አድርጎ።

እርማችንን አወጣን ወይ ያን ዕለት? እንጃ።
ማምሻውን መጥረቢያውን ሲስል ሰማሁት።
ዘጠኙ ክረምት ስድስት ቀርቷል፤
አዲሱን ክምር መስኮቱ ደፍ ላይ አድርሶ ትቶታል።
እኔም ትናንት አንዱን ጓንት ተረተርኩት፣
ከአውራ ጣቱ ጀምሬ፤
እስከ መዳፉ ደርሼ፣ እዚያ ላይ አቆምኩት።